በሰፈር ልክ የተሠራ ሰማይ

«ከሰፊዋ እንጀምርና ወደ ታች እንውረድ። እዚያ አካባቢ ቀይ በቀይ ነው፤ እስከ ነገ ወዲያ ጠራርገን እንጨርሳለን።»

ይህን ያለው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባንኮኒ ላይ በክርኑ የተደገፈ፣ አንገቱ ላይ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ያንጠለጠለ ወጣት ነው። የተናገረውም ለባልደረባው እንጂ ከኋላው ተራ ይዛ ለቆመችው ጡረተኛ አልነበረም። እሷም መጀመሪያ ጆሮ አልሰጠችውም። ሁለት ሜትር ትሬሲንግ፣ ነዳፊ የሚሠራበትን ብርሃን አሳላፊ ወረቀት፣ ልትገዛ ነበር የመጣችው፤ ዋጋው ካለፈው ወር በሲሶ መጨመሩን ስትሰማ ሁለቱን ሜትር ወደ አንድ ለማውረድ ከራሷ ጋር ሙግት ይዛ ነበር። «ሰፊዋ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ ግን በስሟ የጠሯት ይመስል ቀና አለች። በዚህ ከተማ ልብስ ሰፊ ሞልቷል። «ሰፊዋ» የምትባል ኮከብ ግን አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ያለችው ይቺው ጡረተኛ በእጇ በሠራችው ሰማይ ላይ ነው።

ትልቁ ማሽን ወረቀቱን እየጎተተ ሲተፋ አንገቷን አስግጋ አየችው። የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በካርታ ሥራ ቤት ነዳፊ ሆና ስትኖር ፊደሎቿን ከማሽን ጽሑፍ የሚለይ ሰው አልነበረም፤ ሰፈሩም «እትዬ መስመር» ብሎ የሰየማት በከንቱ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ስትወጣ እጇ ሥራ ፈትቶ አስቸገራት፤ እንግዲህ የሌለ ሰማይ ልሥራ ብላ ተነሳች። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱ ላይ እንዳሻው ነጥብ ነስንሶ ሰማይ ይለው ነበር። እሷ ግን ከባዶ መፍጠር የሚባለውን ነገር አልተካነችበትም፤ ከፊቷ የሚለካ ነገር ከሌለ ብዕሯ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሰፈሯን አንስታ ሰማይ ላይ አወጣችው። ቤቱ ሁሉ ኮከብ ሆነ። ዋናው መንገድ ፍኖተ ሐሊብ፣ የጎርፍ ማውረጃው ቦይ ደግሞ አንድም ኮከብ የማይታይበት ጨለማ ሆነ። በአንድ ግቢ እየኖሩ ለዘጠኝ ዓመት የተኳረፉት ሦስት እህትማማቾች «ጀርባ ለጀርባ» የሚባል ኅብረ ከዋክብት ወጣላቸው። ርቀቱን በእግሯ ለካችው፤ እርምጃዋ ስድሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው፣ አይዛነፍም። የካርታው ስኬል አንድ ለአምስት መቶ። የሰሜን ቀስት ሳይቀር አደረገችለት፤ ሰማይ የሰሜን ቀስት ምን ያደርግለታል የሚላት ሰው አልነበረም። ከታች በስተቀኝ መግለጫ ጻፈችበት፦ ትልቅ ነጥብ፣ ከአምስት ሰው በላይ የሚኖርበት ቤት፤ ትንሽ ነጥብ፣ ከዚያ በታች፤ ቀይ ነጥብ፣ ከእናት ኮከቡ ኋላ የተወለደ ልጅ ኮከብ። ልጅ ኮከብ ያለችው ሰፈርተኛው በየጓሮው ያለ ፈቃድ የቀጠለውን ክፍል ነው።

ወሬው ሲዛመት ደግሞ ሰው በራሱ እግር እየመጣ ይነግራት ጀመር። «እኔንስ የት አደረግሽኝ?» የማይል አልነበረም። አንድ ጡረታ የወጣ ዘበኛ ኮከቡ ከጎረቤቱ አንሶ ስላየው ተቀይሞ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡትን አማቾቹን ጨምሮ አስቆጠራት። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የጓሮዋን ክፍል መቼና እንዴት እንደሠራችው፣ ልጇ ልትወልድ ስለደረሰች ተቆጣጣሪ ሳያያቸው በሁለት ሌሊት ብሎኬት ደርድረው ቆርቆሮ እንዳለበሱት እየሳቀች ተረከችላት። ለኮከብ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ማን ይዋሻል። እሷም ቀን የሌለው ካርታ ካርታ አይደለም ብላ ታምናለችና በየቀይ ነጥቡ አጠገብ ወሩንና ዓመቱን በጥቃቅን ቁጥር አሰፈረችው። ሠላሳ ሰባት ቀይ ነጥብ ነበር። የመሬት ልኬት መሥሪያ ቤቱ ዓመት ሙሉ በር እያንኳኳ፣ ሰዉም «ባለቤቱ የለም» እያለ ሲመልሰው የከረመው ይህንኑ ለማወቅ ነበር። ቤቱ ከተለካ ያለ ፈቃድ የተቀጠለው እንደሚፈርስ ሁሉም ሰው ያውቃል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሁለቱ ባለ መታወቂያ ለኪዎች ስምንት ቅጂያቸውን ጠቅልለው ሲወጡ እሷ አሁንም ተራ እንደያዘች ቆማ ነበር። ያኔ ነው የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሠራተኛ ቀለም የተረጨበት አንድ ዘጠነኛ ቅጂ ጨምድዳ ልትጥለው ስትል እትዬ መስመር እጇን ዘርግታ የለመነቻት። ልጅቷ ዋጋውን ልትጠይቅ አስባ ፊቷን አየችና በነፃ ሰጠቻት። እትዬ መስመር መንገድ ላይ እየሄደች ነገሩን ለራሷ አስረዳች፦ ካርታውን ከሦስት ሳምንት በፊት ታናሽ ወንድሟ ወስዶታል፤ «እታለም፣ ይሄማ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር አይቀመጥም፣ መስታወት ላስገባልሽ» ብሎ። ወንድሟ እዚያው ልኬት መሥሪያ ቤት በሦስት ወር ውል እየታደሰለት አራት ዓመት የሠራ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ የሥራ ባልደረባው መስታወት ቤት ገብቶ አይቶት፣ ሰርቆ አስገልብጦት ይሆናል። ሌባው መስታወት ቤት ነው ያለው። ይህን ካለች በኋላ እግሯ ፈጠነ፤ ወንድሟ ሳይሰማ ደርሳ ነገሩን ልታስቆምለት ነበር የምትጣደፈው።

የመስታወት ቆራጩ ሱቅ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ ለራሱ «ሰው መልኩን አይቶ ከኔ ጋር የሚቀየምበት ቤት» ይለዋል። የተሰባበረውን እየጠረገ ነበር። ወንድሟ ካርታ አምጥቶ እንደሆነ ስትጠይቀው መጥረጊያውን አቆመና አሰበ፤ ወንድሟን ካየው ዓመት እንዳለፈው፣ ያን ጊዜም የመጣው ለመታጠቢያ ቤት መስታወት እንደነበር ነገራት። ምናልባት ሌላ ቤት ወስዶት ይሆናል አለችው። ምናልባት አላት እሱም፣ ሌላ መስታወት ቤት በዚህ አካባቢ እንደሌለ ሁለቱም እያወቁ። ወንበር ሰጣት፤ ቅጂውን የመስታወት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችውና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችው።

መጀመሪያ ያየችው ከግርጌው ያለውን ነው። «ይህ ካርታ በትክክለኛ ልኬት የተሠራ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ሙሉ ስሟ፣ ከስሟ ጎን ፊርማዋ፣ ከፊርማዋ ላይ ክብ ማኅተም። ፊርማው የእሷው ነው፤ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሥሩ የሚሰመረው መስመር ሳይቀር። እሷ ግን አልፈረመችም። ይህችን ፊርማ ከእሷ ሌላ አስመስሎ የሚጽፋት አንድ ሰው ብቻ ነው። ወንድሟ ሰባተኛ ክፍል ሳለ በሒሳብ ወድቆ የውጤት ካርዱ ላይ ወላጅ በሚለው ቦታ እሱው ራሱ ፈርሞላት፣ ነቅታበት ስታበቃ የመስመሩ ጥራት አስገርሟት ስቃ አልፋዋለች። ለጎረቤት ሁሉ እያሳየች «እጁ ወደኔ ነው» እያለች አውርታለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ቀጥሎ ዓይኗ የራሷን ቤት ፈለገ። ነዳፊ ሁሉ እንዲህ ነው፣ የትኛውንም ካርታ ሲያይ መጀመሪያ የራሱን ደጅ ይፈልጋል። ቤቷ በቦታው አለ፣ ትንሽ ነጥብ። ከኋላው ግን ምንም የለም። እሷ እዚያ ቀይ ነጥብ አድርጋ ነበር፤ የሰውን አድርጋ የራሷን ልትደብቅ አልቻለችም። ከቤቷ ጀርባ፣ ሰሜን በኩል ሰፊ መስኮት ያለው አንድ ክፍል አለ። ወንድሟ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሲመጣላት ማደሪያ እንዲሆነው ብላ ደመወዟን አጠራቅማ፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ ያሠራችው ነው። እሱ ሚስት አግብቶ ከወጣ ወዲህ መንደፊያ ጠረጴዛዋን አስገብታበት ቀኑን ሙሉ የምትውለው እዚያ ነው። ቅጂው ላይ ነጥቡ በነበረበት ቦታ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ጥላ ብቻ ይታያል። ትሬሲንግ ወረቀት ላይ ያረፈ ቀለም በምላጭ ጠርዝ ቀስ ተብሎ ሲፋቅ የወረቀቱ ፊት ይሻክራል፤ ማሽን ሲያየው እንዲህ ጥላ ይጥላል። ምላጩን አስተኝቶ፣ ትንፋሽን ይዞ፣ ከውጪ ወደ ውስጥ መፋቅ። ያስተማረችው እሷ ናት። መስታወት ቆራጩ ውሃ ላምጣልሽ ሲላት ቅጂውን እየጠቀለለች ተነሳች።

ልኬት መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ በባለጉዳይ ሞልቷል፤ ፋይል በፌስታል የያዘ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚያንቀላፋ፣ «ፊርማው ዛሬ ይወጣል ብለውኝ ነበር» እያለ ለሰሚውም ላልሰሚውም የሚያወራ። ወንድሟ ከሦስት ሰዎች ጋር እያወራ ከአንድ ክፍል ወጣ። ደረቱ ላይ አዲስ መታወቂያ አለ፣ «የቡድን መሪ» የሚል። ሲያያት ፊቱ ለቅጽበት ተለዋወጠ፤ ከዚያ አስተካከለውና ባልደረቦቹ ፊት «እናቴ፣ ምን ልርዳዎት?» አላት። ቀርጻ ያሳደገችው ልጅ ነው እንደ ማንኛዋም ባለጉዳይ አንቱ የሚላት። ለምን እንደሆነ ቶሎ ገባት። ካርታውን ያመጣውና አረጋግጣለሁ ያለችው እህትና ወንድም መሆናቸው፣ በእናት ብቻ ስለሚገናኙና የአባታቸው ስም ስለሚለያይ፣ እዚህ ቤት አይታወቅም፤ እንዲታወቅም አይፈለግም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አለችው እሷም። ወደ ደረጃው ይዟት ወረደ።

በሁለቱ ፎቆች መካከል፣ የተሰበረ ወንበር የተከመረበት ቦታ ሲደርሱ አንቱታው ቀረ።

«እታለም፣ እዚህ ምን አመጣሽ?»

«መስታወት ቆራጩ ሰላም ብሎሃል» አለችውና ቅጂውን ዘረጋችለት።

አልካደም። ይህም አንድ ነገር ነው፤ እሷ እንዲክድ፣ እንዲምልላት፣ ግማሹን እንኳ እንድታምነው ትፈልግ ነበር። እሱ ግን ያለ እፍረት ዘርዝሮ አስረዳት። አራት ዓመት በሦስት ወር ውል መኖር ምን እንደሆነ፣ ውሉ የሚያልቅበት ሳምንት በመጣ ቁጥር ሚስቱ ፊት እንዴት እንደሚሳቀቅ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «ያን ሰፈር ለክቶ ለሚያመጣ ቋሚ መደብ አለ» ማለቷን፤ ሰዉ በር አልከፍት ሲል መልሱ ለካ እህቱ አልጋ ሥር ተጠቅልሎ መኖሩን። ከካርታው በአሥራ ሁለት ቦታ ወስደው በሜትር ሞክረውት አንዱም ከአንድ ክንድ በላይ እንዳልሳተ ሲነግራት ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ ይኸው ኩራቱ ከሁሉም በላይ አሳመማት። ደግሞስ፣ አለ፣ ክፍሎቹ ሕገ ወጥ ናቸው፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ይፈርሳሉ። ሰፊዋ ቤት የሃያ ቀን አራስ እንዳለች ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ሕጉን እሱ እንዳላወጣው መለሰላት። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገ።

«ያንቺን እኮ አውጥቼዋለሁ። አላየሽውም? ማንም አይነካሽም።»

ምስጋና የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር ያያት። የቀረውን ሁሉ፣ መስረቁንም መፈረሙንም፣ ምናልባት ከዕለታት አንድ ቀን ችግር ነው ያስደረገው ብላ ለራሷ ታስረዳው ይሆናል። ይህን ግን እንዴት አድርጋ ትዋጠው። የሰፈሩ ጓሮ ሁሉ ለመፍረስ ቀይ ሲቀባ የሠሪዋ ጓሮ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ሰው ምን ይላል? ሸጠችን ነው የሚለው፤ እውነቱን ነው። እሱ ይህን አላሰበውም ወይም አስቦት ግድ አላለውም፤ የትኛው እንደሚሻል እሷም አላወቀችም። ያጎረሰ እጇን መነከሷ ሳያንስ፣ ለነከሳት እጅ ነሺ እየተባለች ነው።

«ኃላፊዋ ያለችው የትኛው ክፍል ነው?» አለችው።

እጅጌዋን ያዘ። «እታለም፣ የፊርማውን ነገር ካነሳሽ እኔን አሰሩኝ ማለት ነው። አንቺ እኮ ነሽ ያሳደግሽኝ።»

«ያሳደግሁት ሌላ ነበር» አለችው፤ እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ደረጃውን ወጣች።

ኃላፊዋ መነጽር ያደረገች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት ስልክና አንድ የቀዘቀዘ ሻይ ያለባት፣ ቀጠሮ የሌለውን ሰው በዓይኗ የምትመልስ ሴት ናት። የእንግዳዋን ስም ስትሰማ ግን ብድግ አለች። ጎትታ አስቀመጠቻት። ተማሪ ሳለች የካርታ ንድፍ የተማረችው በእሷ ሥራዎች ላይ እንደሆነ፣ መምህራቸው ወረቀቱን ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ «የዚህች ሴት መስመር አይዋሽም» ይላቸው እንደነበር ነገረቻት። ይህን የሰፈር ካርታ ሲያመጡላት ኮከብ ምናምን የሚለውን አይታ ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ከሥሩ ስሟን ስታይ ነው ዝም ብላ ማኅተሙን ያሳረፈችበት። እትዬ መስመር ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት የነገራት ሰው አልነበረም። የሰማችው ዛሬ፣ ልትክደው በመጣችበት ቀን ሆነ። በመስታወቱ በር በኩል ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይታያታል፤ እጆቹን ኪሱ ከቶ ወለሉን ያያል።

ካርታው ትክክል አይደለም አለች እትዬ መስመር። ሰማይ ለመሥራት እንጂ ሰፈር ለመለካት እንዳልተነሳች፣ ነጥቦቹን ውበት እንዲኖረው ብላ ባሰኛት ቦታ እንዳኖረቻቸው፣ ቀዮቹን ለማሳመሪያ እንደበተነቻቸው፣ ቀኖቹንም ከራሷ እንደፈጠረቻቸው ተናገረች። ምላሷ ላይ እየመረራት ነው የተናገረችው። ኃላፊዋ በአሥራ ሁለት ቦታ ተሞክሮ መግጠሙን ነገረቻት። አሥራ ሦስተኛውን ሳትሞክሩ ነው፣ አለች እትዬ መስመር፤ ቅጂውን ዘርግታ ጣቷን ራሷ ቤት ላይ አሳረፈች።

«ይህ የኔ ቤት ነው። ከጀርባው ባለ ብሎኬት ክፍል አለ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራ፣ ሃያ ዓመት ያለፈው። ካርታው ላይ የለም። የራሷን ጓሮ የሳተች ነዳፊ የሰውን ጓሮ ብታሳያችሁ ታምኗታላችሁ?»

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። ግራጫውን ጥላ ታየው ይሆን እያለች እትዬ መስመር ትንፋሿን ያዘች፤ ኃላፊዋ ግን ከንድፍ ጠረጴዛ ከራቀች ብዙ ዘመኗ ነው፣ አላየችውም። «ፊርማውስ? ፊርማው የእርስዎ ነው?» አለቻት። ይሄኔ ወንድሟ ከውጪ ቀና ብሎ አያት። ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ አንድ ፌስታል ልብስ ይዞ ደጇ ላይ የቆመ ቀን ያያትን አስተያየት አያት። እሷም ያኔ አስገባችው፣ ዛሬም ሌላ ነገር ማድረግ አላወቀችበትም።

«የኔ ነው» አለች። «ሳላገናዝብ ፈረምሁ። እርጅና ነው።»

ኃላፊዋ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከዚያ ወረቀት ስባ ጻፈች፤ ቤቱ ታይቶ የተባለው ክፍል ከተገኘ ካርታው ውድቅ ይሆናል፣ ሰፈሩም በደንቡ መሠረት አስቀድሞ ማስታወቂያ ወጥቶለት ቤት ለቤት ይለካል፣ ይህም ለመጪው ዓመት ነው። እስከዚያ ፈቃዱን የሚያስተካክል ያስተካክላል። የተገኘው ክፍል ግን ባለቤቷ ራሷ አምናለችና ይፈርሳል። ይገባዎታል? ይገባኛል አለች። ኃላፊዋ ወደ በሩ ስትሸኛት እጇን ጨብጣ፣ «በዚህ ዕድሜ ማረፍ ነው የሚሻለው፣ እናቴ» አለቻት። አዝና ነው፣ ክፋት አልነበራትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የተሠመረ መስመር በዚህች ቃል ተፋቀ።

ቤቷ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሰፈሩ ግን ቀድሟት አውቋል። ሁለቱ ለኪዎች ጠዋቱን ወረቀታቸውን ይዘው «የሰፊዋ ቤት የትኛው ነው? ጀርባ ለጀርባስ?» እያሉ ሲዞሩ ነው የዋሉት፤ እነዚያን ስሞች ማን እንዳወጣቸው ለማንም የሚነገር አይደለም። ጡረተኛው ዘበኛ በሩ ላይ ነበር፣ ሲያያት ገባ። ሦስቱ እህትማማቾች በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ አየቻቸው፤ እሷ ስትደርስ ዝም አሉ። ልብስ ሰፊዋ በረንዳዋ ላይ መኪናዋን ታሽከረክራለች፤ ከጓሮ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። እትዬ መስመር ቆመች። ልትነግራት ነበር የቆመችው፤ አይነካሽም፣ አስቁሜዋለሁ፣ ዓመት ጊዜ አለሽ ልትላት። ይህን ለማለት ግን ካርታው ከቤቷ እንዴት እንደወጣ መናገር አለባት፤ ያንን ከተናገረች ነገ ጠዋት ወሬው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ልትናገር ያለችውን ተወችው።

«አይዞሽ» አለቻት ብቻ።

ሰፊዋ መኪናውን አቆመች። ቀና ብላ አላየቻትም፤ መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ ነበር የምታየው።

«እኔ ለኮከብ ነው የነገርሁሽ» አለች። ከዚያ እግሯ መርገጫውን ነካ፣ መኪናው መሽከርከር ጀመረ።

አሥር ሰዓት ሳይሆን ወንድሟ ከሁለቱ ለኪዎች ጋር መጣ። «የቡድን መሪ» የሚለው መታወቂያ ደረቱ ላይ የለም። ሰላምታውን ለበሩ ነው የሰጠው። በቤቱ ጎን አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ፤ መንገዱን የሚያሳየው ሰው አላስፈለገውም፣ ባልደረቦቹም ይህን ልብ አላሉትም። ሰፈርተኛው በየአጥሩ ብቅ ብቅ አለ፤ የሸጠችን እሷው፣ አሁን ደግሞ ምን ሊሰጧት መጡ የሚል ፊት ነበር በየአጥሩ ላይ ያለው። አንደኛው ለኪ ድንበሩን ሊያይ ወደ አጥሩ ማዶ ሲወጣ ሌላኛው ደግሞ የሚፈርሰው ላይ ምልክት የሚደረግበትን ቀይ ቀለምና ብሩሽ ሊያመጣ ሄደ። ወንድሟ ሜትሩን አወጣ፤ ሌላውን ጫፍ የሚይዝለት ሰው ፈልጎ ግራ ቀኝ ቢያይ እሷ ብቻ ናት። ጫፉን ተቀበለችው።

ወደ ክፍሉ ገቡ። ጠረጴዛው፣ የብዕሮቹ ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ እሱ በሚያድግበት ጊዜ ቁመቱን የለካችባቸው የእርሳስ ጭረቶች፣ ሁሉም እንዳለ ነው። እሱ ግድግዳውን ሳይሆን ወለሉን እያየ ወደ ማዶው ጥግ ሄደ። እዚህ ክፍል ውስጥ ትኩሳት ይዞት ሌሊቱን እግሩ ሥር ተቀምጣ አድራለች። አንድ ቃል ጠበቀች። ይቅርታ ባይሆን እንኳ፣ ለምን እንዲህ አደረግሽ ይበላት፤ ይቆጣት፤ መደቤን አሳጣሽኝ ብሎ ይጩህባት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ዳዋው እሷ መሆኗን እሱ ብቻ ነው በዚህ ዓለም የሚያውቀው፣ እሱም ወለሉን ያያል። እንባ ግን አልመጣላትም፤ እጇ ሥራ ይዟል።

«አራት ከሠላሳ» አለ።

መሃል ላይ ሜትሩ ወደ መሬት ረግቦ አየችው። ለሚፈርስ ክፍል አምስት ሳንቲ ሜትር ማንን ይጎዳል። ግን አላስቻላትም።

«አራት ከሃያ አምስት ነው» አለችው። «ረግቧል። ወጥረው።»

ወጠረው። አራት ከሃያ አምስት መጣ፤ ጻፈው። እሷ ጣቷን ከዜሮው ላይ ሳታነሳ፣ የሜትሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ እንደተጫነች፣ ቀና ብሎ እስኪያያት ጠበቀች። እሱ የጻፈውን አንድ ጊዜ አነበበና ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰካ።

«ቀጣዩን ግድግዳ ይያዙልኝ» አለ።